ብርዱ የሌሊት ነው

ደብረ ብርሃን ላይ ሰላጣ ከዘር አበቅላለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚለኝ «ውርጩስ?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። እሸት የያዘ ባቄላ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር ያየ ሰው፣ ለስላሳ ቅጠል ለዚህ አገር አይሆንም ቢል አይፈረድበትም።

እኔ ግን የሰሜን ሸዋ ደጋ ለጥሬ ቅጠል የተመቸ አገር ነው ብዬ አምናለሁ። ሰላጣው፣ ስፒናቹ፣ ቆስጣው፣ ፌጦው፣ ለጋው ጎመን፣ ሁሉም ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳሉ። ከጓሮዬ ከምቀጥፈው ሁሉ የሚጣፍጠኝም የኅዳርና የታኅሣሡ ነው። ሥራው ብርዱን ማባረር ሳይሆን ጠባዩን ማወቅ ነው።

ወቅቱም ይገጥማል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» እንላለን፤ ብርድን በሥጋ መመከት የቆየ ልማዳችን ነው። ኅዳር 15 ግን የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ በኋላ እስከ ገና ድረስ ውርጩና ጾሙ አብረው ይከርማሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ደግሞ ሽሮ። በዚህ መሃል አንድ እፍኝ ትኩስ ቅጠል በሎሚ፣ በቃሪያና በቀይ ሽንኩርት ተለውሶ ትሪው ላይ ሲያርፍ፣ ማዕዱ ሌላ መልክ ይይዛል። መኪና ላይ ውሎ የጠወለገ ሳይሆን ከግማሽ ሰዓት በፊት መሬት ላይ የነበረ ቅጠል ማለቴ ነው።

ዘር ሱቅ ገብታችሁ አንድ እሽግ ብትገዙ፣ ጀርባው ላይ በየትኛው ወር እንደሚዘራ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ብዙው የአትክልት ዘር ከውጭ የሚመጣ ነው፤ መመሪያውም የተጻፈው ለመጣበት አገር ነው። ያ አገር ደግሞ በብርድ ወራት ይጨልማል። ለንደን ውስጥ በታኅሣሥ ቀኑ ስምንት ሰዓት እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ። አትክልቱ በብርድ ባይሞት በብርሃን እጦት እድገቱ ይቆማል። የዚያ አገር አትክልተኞች ቀኑ ከ10 ሰዓት በታች ሲሆን ከጓሯቸው አዲስ ቅጠል ብዙም አይጠብቁም።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጨለማ የለም። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ ያላት ርቀት 10 ዲግሪ አይሞላም። የዓመቱ አጭር ቀን እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ውርጭ ባደረበት ማግስት ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ረፋዱ ላይ ጋቢ ይወልቃል። ቀን ላይ 18፣ 20 ዲግሪ ይደርሳል። ስፒናች ከዚህ የተሻለ ቀን አይለምንም። ብርዱ የሌሊት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይበረታል፤ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ይከፋል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የለም። ስለዚህ የእኛ ጓሮ የሚፈልገው ወራትን መሸሽ ሳይሆን እነዚያን ጥቂት ሰዓታት ማሻገር ነው። ለዚህ ደግሞ የመስተዋት ቤት አያስፈልግም።

ይህን አሳምረው የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ጎረቤቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ከገብስ ጋር ያደጉ እናት። ማታ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቀና ብለው ሰማዩን ያዩና «ልጄ፣ ዛሬ ጠርቷል፤ አልብሺው» ይሉኛል። ደመና ካለ ምንም አይሉም፤ ሰላም ብለው ያልፋሉ። የአየር ትንበያ ከሚነግረኝ ይልቅ እሳቸውን አምናለሁ። ነገሩም ምክንያት አለው። ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች። ደመና ካለ ከሙቀቱ የተወሰነውን ይመልሰዋል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱም ዝም ካለ፣ የወጣው ሙቀት ሄደ ማለት ነው። ቅጠል ደግሞ ስስ ስለሆነ ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ እያለ ቅጠሉ ላይ አመዳይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

«የታችኛውን አስቀድሚ» ማለትም ያዘወትራሉ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ተዳፋቱን ይዞ ይወርድና ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። አጥር ካገደው እዚያው ይጠራቀማል። የእኔ ግቢ ወደ ወንዙ ያዘነብላል። በታችኛው አጥር ሥር ያለው መደብ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ ጥቂት እርምጃ ከፍ ብሎ ቤቱ ሥር ያለው ምንም ሳይነካው የሚነጋበት ሌሊት አለ። ስለዚህ ታች ስፒናችና ጎመን አደርጋለሁ። ሰላጣው ላይ፣ ከግድግዳው ሥር ነው። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ በእኛ አገር እንዳሉት ብዙ ቤቶች። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይመልሳል። የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታውን ቦታ ግን ለሰላጣ አልመርጠውም። የረጋ ቅጠል በድንገት ሲቀልጥ ነው ይበልጥ የሚጎዳው።

ውርጭ የመታውን ስፒናች ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ማየት ያስገርማል። ቅጠሎቹ መሬት ላይ ተዘርረዋል። ጠርዛቸው ላይ ደቃቅ ነጭ አመዳይ ቆሟል። መሃሉ ጠቁሮ ዘይት የነካው ወረቀት ይመስላል። በጣት ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ይህን ያየ ሁሉ «አለቀለት» ይላል። አላለቀለትም። በዚህ ሰዓት መቅጠፍ ግን አይገባም፤ ወጥ ቤት ገብቶ ሲቀልጥ ይላሽቃል። እስከ ሦስት፣ አራት ሰዓት ይተዉት። ቀስ ብሎ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ግንዱ ቀና ይላል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይዘረጋል። አምስት ሰዓት ላይ የመጣ እንግዳ ሌሊቱን ምን እንዳለፈ አያውቅለትም።

ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚረጋው በሕዋሳቱ መካከል ያለው ውሃ ነው። የረጋው ከሕዋሱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያወጣል። ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ይወፍራል፤ ስለወፈረም በቀላሉ አይረጋም። ብርድ የለመደ ተክል ደግሞ አስቀድሞ ስኳር ያከማቻል። ስኳር ያለበት ውሃ ከተራ ውሃ ይልቅ ዝቅ ባለ ዲግሪ ነው የሚረጋው። የኅዳር ስፒናች የሚጣፍጠውም ለዚሁ ነው፤ ተክሉ ለራሱ መከላከያ ያከማቸው ስኳር እኛ አፍ ውስጥ ይገባል። የሰኔውን ከጎኑ ብትቀምሱት ውሃ ውሃ ይላል።

«ብርድ የለመደ» ያልኩት ላይ ትንሽ ልቆይ። ተክል በአንድ ቀን አይለምድም። ሌሊቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ነው ራሱን የሚያዘጋጀው። ለዚህ ነው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መዝራት የምወደው። መስቀል ሲያልፍ ችግኙ ሥር ይዟል፤ የጥቅምት ብርድ ሲመጣ አራትና አምስት ቅጠል አውጥቶ ይጠብቀዋል። ቤት ውስጥ የፈላ ችግኝ ከሆነም በአንዴ ሜዳ ላይ አይጣልም። ለአንድ ሳምንት ያህል ቀን ቀን እያወጡ፣ ማታ ማታ እያስገቡ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ እያሳደሩ ማለማመድ ነው። እንዲህ የተገራ ስፒናች ከዜሮ በታች አምስትና ስድስት ዲግሪ ይችላል። ሰላጣ ያን ያህል አይችልም፤ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሲወርድ መልበስ አለበት።

የማለብሰው በአሮጌ አንሶላ ወይም በተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አጉብጬ መደቡ ላይ እተክልና ከላዩ እዘረጋለሁ። ጨርቁ ቅጠሉን ባይነካ ይመረጣል። ላስቲክ ከሆነ ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ የነካው ቅጠል አብሮት ይረጋል። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ፣ መሬቱ ገና ለብ ብሎ ሳለ ነው የሚሸፈነው። ሁለት ሰዓት ላይ የሸፈነ ሰው ብዙውን ሙቀት አስወጥቶ በሩን እንደ ዘጋ ቁጠሩት። ጠዋት ፀሐይ ሲበረታ ይነሳል፤ ካልተነሳ ቅጠሉ ታፍኖ ይበሰብሳል። ውሃም ጠዋት ነው የሚጠጣው። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል፤ ቅጠሉ ግን ሳይመሽ መድረቅ አለበት።

እውነቱን ለመናገር ከታኅሣሥ ውርጭ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሐምሌ ነው። ዝናቡ አያባራም፤ ጥቁሩ አፈር ውሃ ይቋጥራል፤ ሥሩ ይታፈናል። ቀንድ አውጣው በአንድ ሌሊት አንድ መደብ ችግኝ ይጨርሳል። በረዶ ከጣለማ ቅጠሉ ይበሳሳል። ለክረምት መፍትሔው መደቡን ከፍ አድርጎ ቦይ ማውጣት ነው፤ ከዚያ በላይ ብዙ የሚደረግ የለም።

አሁን ስለ ዘሩ። የሰላጣ ዘር ደቃቅ ነው። ብዙ ሰው ቀብሮት ነው የሚያጣው። ብዙዎቹ የሰላጣ ዓይነቶች ብርሃን ሲያገኙ ይበልጥ ይበቅላሉ፤ ስለዚህ አፈሩ ላይ በትኖ፣ በእጅ መዳፍ ጫን ብሎ፣ ከላይ ስስ የተነፋ አፈር መነስነስ ይበቃል። እኔ የምዘራው ለሁለት በተተረተረ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ነው። ሥሩን በጋለ ምስማር እበሳዋለሁ። ውሃውን ከላይ አላፈስም፤ ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ላይ ይሰበስበዋል። ጀሪካኑን ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ሳስቀምጠው ከሥር ይጠጣል። የላይኛው አፈር ሲጠቁር ጠግቧል ማለት ነው።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። አፈሩ 20 ዲግሪ ከሆነ የሰላጣ ዘር በሦስት ቀን ብቅ ይላል። 5 ዲግሪ ከሆነ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስፒናች በዚያው ቅዝቃዜ ሦስት ሳምንት ያስጠብቃል። ዘሩ ተበላሸ ብሎ መደቡን መገልበጥ አይገባም። የሚያስተኛው ሙቀት ነው። አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ብዙ የሰላጣ ዘር እርጥበት እያለም አልበቅልም ይላል። ከእኛ 95 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ ሸዋ ሮቢት አለች። ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ቁልቁል ነው። እዚያ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ሲያምር እኛ በምቀኝነት እናያለን። የሰላጣ ዘር ግን በሚያዝያ ፀሐይ እዚያ ቢዘራ አፈሩ ውስጥ ይተኛል። ለሸዋ ሮቢት ቲማቲም ከተሰጠ፣ ለእኛ ደግሞ ይህ ተሰጥቶናል።

የቆስጣ ዘር ሲዘራ አንድ ነገር ይታወቅ። ቆስጣ ከቀይ ሥር ጋር አንድ ወገን ነው። ያቺ ሸካራ ፍሬ አንድ ዘር ብትመስልም ውስጧ ሁለትና ሦስት ዘር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ጉድጓድ ተቃቅፈው ይወጣሉ፤ ማሳሳት ያስፈልጋል። የሚነቀለው ለጋ ቆስጣ ግን አይጣልም። ታጥቦ በጥሬው ይበላል፤ እንዲያውም ከሁሉ ለጋው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ዘር ሱቅ መሄድ የማይመቸው ሰው ምን ያድርግ? መልሱ ጓዳው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ፌጦ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ሆድ ሲታመም ይወቀጣል፤ በጾም በእንጀራ ይፈተፈታል። ቅጠሉን ግን የምናውቀው አይመስለኝም። በሌላው ዓለም ፌጦ የሚዘራው ለቅጠሉ ነው፤ በትንሽነቱ ተቆርጦ ሰላጣ ላይ ይነሰነሳል። ብርድ አይፈራም፤ ፈጣን ነው። ዘሩ ውሃ ሲነካው ልጋግ ያወጣና አፈሩ ላይ ይጣበቃል። በጥቂት ቀን ይበቅላል፤ በሁለትና ሦስት ሳምንት ለመቀስ ይደርሳል። መስኮት ላይ በተቀመጠ ሳህን ውስጥ እንኳ ይሆናል። ለጎረቤቴ በእንጀራ ጠቅልዬ ሳቀርብላቸው «ቅጠሉን ደግሞ ማን ይበላዋል?» አሉ። ቀመሱና ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄማ አፍንጫ ይከፍታል» ብለው ጨመሩ። አሁን እሳቸውም ደጃቸው ላይ ዘርተዋል።

ሁለተኛው የጓዳ ዘር የጎመን ዘር ነው። ምጣድ የምናሰስበት ያ ዘር። ሀበሻ ጎመን ታሪኩ ደስ ይለኛል። ዩ ናጋሃሩ የሚባል በጃፓን ይሠራ የነበረ ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ፣ ይህ ጎመን ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተገኘ መሆኑን አሳይቷል። ለጋውን በጥሬው የቀመሰ ሰው ሁለቱንም ወላጆች ያገኛቸዋል። መጀመሪያ ጎመን ይላል፤ ወደ ጉሮሮ ሲጠጋ ሰናፍጩ ይመጣል። የምናውቀው ቀቅለን ስለሆነ ይህ ጣዕም ድስት ውስጥ ይቀራል። ጠበቅ አድርጎ ዘርቶ፣ ጣት የሚያህል ሳለ ቆርጦ መብላት ነው። ድንች ሰላጣ ውስጥ ቢገባ ሌላ ነገር አያሻውም።

አፈሩን በተመለከተ የእኛ አገር ችግር ይታወቃል። እበቱ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱ ይነዳል፤ መሬቱ ይራባል። ማገዶ የሌለው ሰው ምን ያድርግ፤ ይህን ማንም አይፈርድበትም። የበግ በጠጥ ግን ብዙ ጊዜ ተርፎ ይገኛል፤ ለቅጠልም ግሩም ነው። የወጥ ቤት ልጣጭና ገለባ ተጨምሮበት ለወራት መብላላት አለበት። ጥሬ ቅጠል ለሚበላበት መደብ ትኩስ ፍግ አይገባም። ሰው ሰላጣ የሚፈራው በአሜባና በታይፎይድ ነው፤ ፍርሃቱም እውነት አለው። የገበያው ሰላጣ በምን ውሃ እንደጠጣ አይታወቅም። በጓሮ ግን ውሃውን የምታጠጡት እናንተ ናችሁ፤ ፍጉን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠቡ እንዳለ ሆኖ፣ ለልጅ በልበ ሙሉነት መስጠት የሚቻለው ቅጠል ይህ ነው።

ስፒናች እኛ አገር አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት አለው። የሚያብበው ቀኑ በጣም ሲረዝም ነው፤ የእኛ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ብዙዎቹ ዓይነቶች ቶሎ አያብቡም፤ ውጭ ውጭውን እየቀጠፋችሁ ለወራት ትበሉታላችሁ። ጉዳቱ ዘሩ ነው፤ ካላበበ ዘር የለም፤ ሁልጊዜ መግዛት ነው። ሰላጣ ግን ዘሩን ይሰጣል። ውርጩን በደንብ የቻለውን፣ ለማበብም የዘገየውን መርጬ ሳልቆርጠው እተወዋለሁ። በበጋው መጨረሻ ይመዘዛል፤ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ከዚያ ነጭ ጥጥ ሲያሳይ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ማራገፍ ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ሦስትና አራት ዓመት ይቆያል። ከመዝራቴ በፊት ጥቂት ፍሬ በረጠበ ሶፍት ጠቅልዬ እፈትነዋለሁ።

ጎረቤቴ ሰሞኑን መሐል ሜዳ ላለች ልጃቸው ዘር ጠይቀውኛል። እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ውርጩ ከእኛም ይብሳል። ለዚያ ሰላጣውን አልልክም። ስፒናችና የጎመን ዘር፣ ከነሱም ጋር አንድ እፍኝ ፌጦ አድርጌላቸዋለሁ። ስፒናቹን ነሐሴ ሳያልቅ እንድትዘራው፣ ፌጦውን ግን ዛሬውኑ መስኮት ላይ እንድትጀምረው ነግሬያቸዋለሁ።